የመኪናዋ አፍንጫ ተደፍኗል!

የዚህ ሳምንት ደብዳቤያችን የመጣው ከወደ ደቡብ ወሎ፣ ከወግዲ ነው። መቼም ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው «ወደድኳት፣ እሷ ግን...» የሚል ነው። ይሄኛው የቤተሰብ ኩርፊያም፣ የእህት ፍቅርም፣ የመኪና ብልሽትም አንድ ላይ የተቋጠረበት ስለሆነ ቅድሚያ ሰጥተነዋል። የጸሐፊውን ስም አናወጣም። ደብዳቤውንም ትንሽ አሳጥረነዋል።

«ዕድሜዬ 24 ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና የአጎቴን ኮሮላ እነዳለሁ። የ2008 ሞዴል ናት። ከወግዲ መካነ ሰላም፣ ኮንትራት ሲገኝ ደግሞ እስከ ደሴ እመላለሳለሁ። አስም ያለባት ታናሽ እህት አለችኝ። መካነ ሰላም ለክትትል የምወስዳት እኔው ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ታዲያ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ሳሏ ይብስባታል። ማራገቢያውን ስከፍተው ጩኸቱ እንጂ ንፋሱ የለም፤ ያለችውም ትንሽ ንፋስ የሻገተ ነገር ትሸታለች። ጠዋት በጉም ስነዳ የፊት መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት ይይዘውና በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ጨርቅ ይዤ ነው የምሄደው። ለአንድ መካኒክ ባሳየው ‹ክሩስኮቱ ወርዶ ማራገቢያው መቀየር አለበት፣ 18 ሺህ ብር› አለኝ። ለአጎቴ ብነግረው ‹ከመካኒኩ ጋር ተስማምታችሁ ልትበሉኝ ነው!› ብሎ ቁልፉን ሊቀበለኝ ዛተ። እህቴ ደግሞ ‹ተሳፋሪ ፊት እየሳልኩ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ አፍራለሁ፤ ከእንግዲህ ባንተ መኪና አልሄድም› ብላ አለቀሰችብኝ። ሥራዬን ትቼ ልሰደድ ወይስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አብሽር! ከመሰደድህ በፊት ሩብ ሰዓት ስጠኝ። የነገርከኝ ምልክት ሁሉ ተደማምሮ የሚጠቁመው በመጀመሪያ መታየት ያለበት አንድ ርካሽ ዕቃ አለ። ካቻቢቴ እንኳ ላያስፈልግህ ይችላል።

ነገርዬው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ፊልትሮ ሲባል የምናውቀው ሁለት ነው፤ የዘይት ፊልትሮና የሞተር አየር ፊልትሮ። ሞተሩ ንጹሕ አየር እንዲተነፍስ እንጨነቃለን፣ ጊዜው ሲደርስ እንቀይራለን። ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚተነፍሰውን የሚያጣራ ሦስተኛ ፊልትሮ እንዳለ ግን ስንቱ ሾፌር ያውቃል? «ካቢን ፊልትሮ» ወይም «የኤሲ ፊልትሮ» ይሉታል። እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ፣ ከደብተር ብዙም የማይበልጥ የወረቀት ወይም የጨርቅ ሣጥን ነው።

አየር ወደ መኪና ውስጥ የሚገባው ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ኮፈኑ በሚያልቅበት ቦታ ባለው ጥቁር የፕላስቲክ ወንፊት በኩል ነው። ከዚያ ማራገቢያው ይስበዋል፣ ፊልትሮው ያጣራዋል፣ ቀጥሎ ኤሲው ያቀዘቅዘዋል ወይም ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ በመጨረሻ ፊታችን ላይ ይነፍሳል። ፊልትሮው ሲደፈን ማራገቢያው የቱንም ያህል ቢጮህ አየር አያገኝም። አፍንጫው የተደፈነ ሰው በአንድ ትንፋሽ ዳገት ውጣ እንደማለት ነው።

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ናሽ የተባለው የአሜሪካ መኪና ፋብሪካ የውጭ አየር እያጣራና እያሞቀ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በተራ መኪኖች ላይ የተለመደው ግን በቅርብ አሥርት ዓመታት ነው። ስለዚህ «ዲኤክስ» የምንላቸው የድሮ ኮሮላዎችና የጥንት ላንድክሩዘሮች ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ የሞተር ዘይትም የሞተር አየር ፊልትሮም ባይኖራቸው ይሄ ግን አላቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ «የኔ መኪና ፊልትሮ አያውቃትም» የሚል የኤሌክትሪክ ባለመኪና በዝቷል። ጎበዝ፣ ያንተም ታውቀዋለች!

ለምን ወግዲ ላይ ቶሎ ይሞላል?

አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሺህ እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም በዓመት አንዴ ቀይሩት ይላሉ። እዚያው መመሪያቸው ላይ ግን «አቧራማ ቦታ ከሆነ ቀደም ብላችሁ» የሚል አለበት። እንግዲህ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በጠጠርና በአፈር መንገድ የሚመላለስ፣ ከፊቱ አይሱዙ አቧራ እየለቀቀበት የሚሄድ ሰው «ቀደም ብሎ» ያልተባለ ማን ሊባል ነው? ከመስከረም በኋላ መሬቱ ሲደርቅ አቧራ፣ የመውቂያው ሰሞን የጤፍ እብቅና ገለባ፣ መኪናዋ ዛፍ ሥር ካደረች የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበትና ሻጋታ። በዚያ ላይ የደጋው ብርድ መስኮት ዝጉ፣ ማሞቂያ ክፈቱ ያሰኛል፤ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ኤሲ ያስከፍታል። በሁለቱም ጊዜ የሚሠራው ያው አንድ ፊልትሮ ነው።

እንደ እኔ ምክር በእንዲህ ያለ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ዘይት ሲቀየር ወጥቶ ቢታይ ጥሩ ነው። ማየት ብር አያስወጣም።

በእርግጥ እሱ ነው? ወይስ ሌላ?

ዕቃ ከመግዛትህ በፊት እነዚህን ለይ።

ማራገቢያው በሁሉም ቁጥር ይሠራል፣ ድምፁም አለ፣ ንፋሱ ግን በሁሉም ቀዳዳ ደካማ ነው? በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊልትሮው ነው። በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ይሠራል፣ በ1 እና በ2 ዝም ይላል? ይሄ ፊልትሮ አይደለም፤ ፍጥነቱን የምትቆጣጠረዋ «ሬዚስተር» የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነች። ጭራሽ ድምፅ የለም? ፊውዙን እይ። ጣፋጭ ሽታ ይሸታል፣ መስታወቱም ላይ የሚያጣብቅ እንፋሎት ይሠራል? የራዲያተር ፈሳሽ ማሞቂያው ጋ እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወደ መካኒክ ሂድ። የጭስ ማውጫ ጭስ ውስጥ ይሸታል? አደራህን፣ ይሄን በፊልትሮ ለመሸፈን እንዳትሞክር! ከጭሱ ጋር የሚመጣውን ሽታ የሌለውን መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የትኛውም ፊልትሮ አያቆመውም። መስኮት ክፈትና የጭስ መስመሩን ዛሬውኑ አስጠግን።

ያንተ ምልክት ግን ጩኸት አለ፣ ንፋስ የለም፣ የሻጋታ ሽታ አለ፣ መስታወቱ እንፋሎት ይይዛል ነው። ስለዚህ ወደ ሥራ!

በገዛ እጃችሁ እንዲህ ይቀየራል

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን ንቀል። አፍንጫና አፍህን በማስክ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን። እህትህ በዚያን ሰዓት አጠገብ አትሁን፤ የሚራገፈው አቧራ ለእሷ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ከጋቢና ተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለውን መሳቢያ ክፈትና ውስጡ ያለውን ሊብሬም፣ ደረሰኝም፣ ማስቲካም አውጣ። በጎኑ መሳቢያው ዱብ እንዳይል የምትይዝ ቀጭን ክንድ ወይም ገመድ አለች፤ እሷን በእጅህ ከመንጠቆዋ አላቅቅ። ከዚያ የመሳቢያውን ሁለት ጎኖች በሁለት እጅህ ወደ ውስጥ ጨምቀህ ወደ ታች ሳበው። ይወርዳል። አንዳንድ መኪና ላይ ግን ብሎን አለበት፤ እንቢ ካለህ አትታገለው፣ ብሎኑን ፈልግ። ፕላስቲክ ተሰብሮ ከአጎትህ ጋር ሌላ ጦርነት እንዳትከፍት!

ሦስተኛ፣ ከኋላው ጥቁር ሣጥን ላይ አግዳሚ የሆነ፣ ጠበብ ያለ ክዳን ታያለህ። ጫፎቹ ላይ ያሉትን መያዣዎች ጫን ብለህ ክዳኑን አውጣ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ላይ ቦታው ሊለያይ ስለሚችል ካላገኛችሁት ማራገቢያውን ክፈቱና ድምፁ ከየት በኩል እንደሚመጣ አዳምጡ፤ ፊልትሮው ከእሱ አይርቅም።

አራተኛ፣ አሁን በስልክህ ፎቶ አንሳ። ፊልትሮው ጠርዝ ላይ ቀስት ወይም ወደ ላይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «አፕ» ይኖራል። አሮጌው እንዴት እንደተቀመጠ ካላየህ አዲሱን ገልብጠህ ታስገባዋለህ። ከዚያ እንደ መሳቢያ አግድም ይዘህ በቀስታ ሳበው። ከነጎተትከውና ካዘነበልከው የተከመረው ቅጠልና አቧራ ማራገቢያው ውስጥ ይገባና በኋላ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ ያናድድሃል።

አምስተኛ፣ ፊልትሮው ያደረበትን ሣጥን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። ጎሚስታ ቤት ሄደህ በኮምፕሬሰር እንዳትነፋው፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ። የአይጥ ጎጆ ወይም ፋንድያ ካገኘህ ደግሞ በደረቁ አትጥረገው። አይደንግጥህ፣ እህል በሚጫንበት አገር ያጋጥማል። ጓንት አድርግ፣ በውኃ የቀጠነ በረኪና አርከፍክፈህ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ከዚያ በወረቀት ልቀምና ጣለው። የአይጥ ፋንድያ ደርቆ ሲቦን በሽታ ያመጣል።

ስድስተኛ፣ አዲሱን በቀስቱ አቅጣጫ አስገባ። ክዳኑ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋ። መሳቢያውን መልስ፣ ክንዷን ወደ መንጠቆዋ መልስ። አስነሣና ማራገቢያውን ከ1 ጀምረህ እስከ መጨረሻው ሞክር። በቃ! ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ሰዓት ይፈጅብሃል፤ ሁለተኛው ላይ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሰዋለህ።

ስትወጣ መውጫህ ላይ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የአየር መግቢያ ወንፊት ከቅጠል አጽዳው። ይሄ ፊልትሮ የሌላት መኪና ያላችሁንም ይመለከታል።

ምን ዓይነት ልግዛ?

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛለህ። ነጩ ተራው ነው፤ አቧራና የአበባ ብናኝ ይይዛል። ግራጫ ወይም ጥቁር የሚመስለው ከሰል ያለበት ነው፤ በተጨማሪ ሽታና የተወሰነ የጋዝ ብክለት ይቀንሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። እህትህን አስቤ አቅምህ ከቻለ ከሰል ያለውን እልሃለሁ። ካልቻለ ግን በጊዜው የተቀየረ ነጭ፣ ዓመት ሙሉ ሳይታይ ከሚቀመጥ ከሰላማ ይሻላል።

ሱቅ ስትሄድ «የኮሮላ ፊልትሮ» ብቻ ብትል የሞተሩን ያመጡልሃል። አሮጌውን በፌስታል ይዘህ ሂድ፤ ካልሆነ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በማስመሪያ ለክተህ ጻፍ። የቶዮታ ከሆነ የዕቃ ቁጥሩን እይ፤ የካቢን ፊልትሮ በ87139 ይጀምራል፣ የሞተር አየር ፊልትሮ ግን በ17801። ይቺን ቁጥር የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ወግዲና መካነ ሰላም ከጠፋ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለሚሄድ ሾፌር ጓደኛህ ፎቶውን ላክለት። አዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ መርካቶ አለ። ሁለት አስገዛና አንዷን ቤት አስቀምጥ።

«አጥቤ ብመልሰውስ?»

ይሄን ጥያቄ ሳልጠየቅ ልመልሰው፤ ምክንያቱም መምጣቱ አይቀርም። ወረቀቱ ከታጠበ ቃጫው ይበላሻል፣ ደቃቁን ብናኝ የሚስብበት ኃይሉን ያጣል፣ ውስጥ ለውስጥ ካልደረቀ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። በፋብሪካው «ይታጠባል» ተብሎ ከተጻፈበት ሌላ ነገር ነው። አዲሱ እስኪመጣ ከመኪናው ራቅ ብለህ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አድርገህ አራግፈው፣ ለጊዜው ያደርስሃል።

«አውጥቼው ባዶውን ብነዳስ?» የሚሉም አሉ። ንፋሱ በእርግጥ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ «አገኘሁት!» ያሰኛል። ግን አቧራው በቀጥታ ሄዶ ከኤሲው እርጥብ ፍርግርግ ላይ ይለጠፍና ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው ክሩስኮት የሚወርደው፣ ያን ጊዜ ነው 18 ሺህ የሚጠየቀው። የነጠላ ቁራጭ ወይም ሻሽ የሚጠቀጥቁም አሉ፤ ማራገቢያው ጎትቶ ቢጠቀልለው ሞተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

የእህትህ ነገር

አንድ የራስ ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባው ብናኝ ግን ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው፣ በዓይን የማይታየው ነው። ፊልትሮ ትልልቁን አቧራ በደንብ፣ ደቃቁን ደግሞ እንደ ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ አስም አያድንም። ስለዚህ የሐኪሙ ክትትል በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ። የምትስበው መድኃኒት ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ ወይም ኋላ ኮፈን ውስጥ ሳይሆን በእጇ፣ በቦርሳዋ ይሁን። መስታወቱ ላይ የምትሰቀለዋን ሽቶ አውልቃት፤ ለብዙ አስም ላለበት ሰው እሷ ራሷ ጠላት ነች። መኪናዋ ውስጥ ማንም ሰው፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ሲጋራ አያጭስ።

ከፊትህ መኪና አቧራ ሲያስነሣ ራቅ በል፣ መስኮት ዝጋ፣ የውስጡን አየር ብቻ የምታሽከረክረዋን ቁልፍ ተጫን። አቧራው ሲያልፍ ግን መልሳት! ሰው በሞላበት መኪና አየሩ እዚያው ሲሽከረከር የተተነፈሰ አየር ይጠራቀምና እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል። በጉም ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አትጠቀምባት፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ ነው መስታወቱ ላይ ላብ የሚሆነው። የውጭ አየር ክፈት፣ ንፋሱን ወደ መስታወቱ አዙር፣ ማሞቂያ ጨምር፣ ኤሲ ካለህ አብረህ ክፈተው፤ እርጥበቱን ያደርቀዋል። በዚያ ቁልቁለት በአንድ እጅ ጨርቅ ይዞ መንዳት የእህትህን ሳል ብቻ ሳይሆን የሁላችሁንም ነፍስ የሚመለከት ነገር ነው። አታድርገው፤ ካልታየህ ዳር ይዘህ ቁም።

ማፈሯን በተመለከተ፣ «አትፈሪ» ማለት ብቻ አይበቃም። በክትትሏ ቀን ከፊት ወንበር አስቀምጣት፣ መንገዱን ስትጀምር ረጋ ብለህ «እህቴ አስም አለባት፣ መስኮቱን ስዝጋ እንዳይከፋችሁ» በል። የወሎ ሰው ይሄን ሰምቶ ዞሮ የሚገላምጥ አይመስለኝም። ይልቅ ዱዓ ያደርግላታል።

ከአጎትህስ ጋር?

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። አጎትህ የተናገረው ቃል ያማል። ግን በእሱ ቦታ ሆነህ እየው። መኪናዋ ሳትቀየም ገንዘብ የሚያስወጣ ወሬ በየወሩ ይመጣለታል፤ ኮፈን ተከፍቶ የሚያየው ነገር የለም፤ የሚሰማው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥር አትንገረው፤ ዕቃ አሳየው።

ፊልትሮውን ለብቻህ አታውጣ። አንድ ጠዋት ቤቱ ሂድና «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ቢመጡልኝ፣ የማሳይዎ ነገር አለ» በል። እሱ ቆሞ እያየ አውጣው። ያ ነገር ሲወጣ ወግዲን ግማሽ መሬት ይዞ ሊወጣ ይችላል! ያን ጊዜ «ልጂቱ ይሄን ስትተነፍስ ነው የከረመችው» በል፤ ሌላ ንግግር አያስፈልግህም። አዲሱን ስትገዛ ደረሰኝ ተቀበል፤ ጠርዙ ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በእስክሪብቶ ጻፍ። ከዚያ ወዲያ ለዘይትም፣ ለጎማም፣ ለፍሬን ሸራም አንድ ደብተር ይኑርህ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ዋጋ። አሮጌ ዕቃ ሳታሳየው አትጣል። የዘመድ መኪና የሚነዳ ሰው ከመንጃ ፈቃዱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ይሄ ደብተር ነው።

መካኒኩንም ሌባ ብለህ ስሙን አታጥፋ። ምናልባት ፊልትሮ እንዳለ አላሰበም፣ ምናልባትም ማራገቢያው እውነት ደክሟል። አዲስ ፊልትሮ አስገብተህ ንፋሱ ካልተመለሰ ወደ እሱ ተመለስና «ፊልትሮውን ቀይሬያለሁ፣ አሁን ማራገቢያውን ፈትሽልኝ፣ አሮጌውን ዕቃ ግን እወስደዋለሁ» በለው። እንዲህ ብሎ የሚመጣን ደንበኛ ማንም አይጫወትበትም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አጎትህ አሁንም «ትበላኛለህ» ካለ ያኔ ጉዳዩ የፊልትሮ አይደለም። አንድ የሚያከብረው ሽማግሌ ይዘህ፣ ደብተርህን ዘርግተህ ተነጋገር። ካልሆነም ቁልፉን በሰላም ታስረክባለህ፤ ሒሳቡ የጠራ ሾፌር ሥራ አያጣም። ተጣልተህ ሳትነጋገር መሰደድን ግን አልመክርህም።

ሌሎቻችሁም መኪና ያላችሁ፣ የዘመድ መኪና የምትነዱ፣ ወይም የፍቅረኛችሁ መኪና ውስጥ ስትገቡ የሚያስነጥሳችሁ፣ እሑድ ከሰዓት ያቺን መሳቢያ ክፈቷት። ከሰባት ዓመት በፊት የገባ የጃፓን ቅጠል ብታገኙ እንዳይገርማችሁ!

በሚቀጥለው ሳምንት «እጮኛዬ ስልኬን ካልሰጠሽኝ ይለኛል» ለምትለው እህታችን መልስ ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!